የጥንቱን አየር የያዘ ጥርስ

በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ከሊንዲ ወደብ ወደ መሀል አገር ሲገባ፣ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 እዚያ አስቆፍረው ካወጡት አጥንት የተገጣጠመው ጂራፋታይታን የተባለ ባለ ረጅም አንገት ዳይኖሰር ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ቁመቱ ከ13 ሜትር ይበልጣል። መሬቱን የቆፈሩት፣ አጥንቱንም ተሸክመው ቀናት በሚፈጅ የእግር መንገድ እስከ ወደቡ ያደረሱት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ዳይኖሰር ሲወራ እነሱ መረሳታቸው ተገቢ አይደለም፤ 150 ሚሊዮን ዓመት የተሻገረ ጥርስ ለዛሬ ቤተ ሙከራ የበቃው በእነሱ ትከሻ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሮበርት ኢግል የተባለ የካልቴክ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከተንዳጉሩና ከሰሜን አሜሪካ የተገኙ የባለ ረጅም አንገት ዳይኖሰሮችን ጥርስ ወስደው የእንስሳቱን የሰውነት ሙቀት ለኩ። ይህን ያስቻላቸው ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ነው። አጥንት ቀዳዳ ስለሚበዛው ከተቀበረ በኋላ የከርሰ ምድር ውኃ እየገባ ይዘቱን ይለውጠዋል። ኢናሜል ግን ከሞላ ጎደል ማዕድን ብቻ ነው፤ ክሪስታሎቹ ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ባዕድ ነገር በቀላሉ አያስገባም። በውስጡ ካርቦንና ኦክሲጅን የተጣመሩበት ጥቂት ካርቦኔት አለ። ከእነዚህ አተሞች መካከል ከተለመዱት ከበድ የሚሉ ይገኛሉ፤ ካርቦን 13 እና ኦክሲጅን 18 ይባላሉ። ብርድ ሲሆን ሰው ምድጃ ዳር እንደሚጠጋጋ፣ ጥርሱ ሲሠራ ሰውነቱ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ከባዶቹ አብዝተው እርስ በርስ ይጣመራሉ፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ይበታተናሉ። የጥምረታቸው መጠን ሲለካ ሙቀቱ ይታወቃል።

ከተንዳጉሩ ጥርሶች የተገኘው ልኬት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከእኛ 37 ብዙም አይርቅም። በዚህ ብቻ ግን ዳይኖሰር ደመ ሞቃት ነበር ማለት አይቻልም። ግዙፍ ገላ ሙቀትን አምቆ ስለሚይዝ፣ ሜታቦሊዝሙ፣ ማለትም ምግብን በኦክሲጅን አቃጥሎ ኃይል የሚያወጣበት ፍጥነት፣ ዝግ ያለ ቢሆንም ሞቃት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ወገን ነው። በገላ መጠን ላይ የተመሠረተ ስሌት እንዲህ ላሉ ግዙፋን ከ40 ዲግሪ በላይ ይገምት ነበር። ልኬቱ ከዚያ ማነሱ እንስሳቱ ትርፉን ሙቀት የሚያስወጡበት መንገድ እንደነበራቸው ይጠቁማል፤ ተመራማሪዎቹም በሰውነታቸው ውስጥ የነበሩትን የአየር ከረጢቶች፣ ረጅሙን አንገትና ጅራት ይጠቅሳሉ።

የሜታቦሊዝሙን ፍጥነት ለማወቅ ወደ አጥንት መሄድ ግድ ይላል። አጥንቱ በስሱ ተቆርጦ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የደም ሥር መተላለፊያዎቹ ይቆጠራሉ፤ መብዛታቸው ፈጣን ዕድገትን ያሳያል፤ ፈጣን ዕድገት ደግሞ ፈጣን ሜታቦሊዝምን ይጠቁማል። ቲራኖሳውረስ ሬክስ በጉርምስናው በቀን 2 ኪሎ ያህል ይጨምር እንደነበር የታወቀው በአጥንቱ ውስጥ ካሉት ዓመታዊ ቀለበቶች ነው። እነዚህ ቀለበቶች ለረጅም ጊዜ የደመ ቀዝቃዛነት ማስረጃ ተደርገው ይቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የእነ ማይከ ኮህለር ጥናት ደመ ሞቃት በሆኑ የሚያመሰኩ የዱር እንስሳት አጥንት ላይም ቀለበት አገኘ፤ ክርክሩም መሠረቱን አጣ። ከ10 ዓመት በኋላ እነ ጃስሚና ዊማን በአጥንት ውስጥ ከኦክሲጅን አጠቃቀም የተረፈ የሞለኪውል አሻራ ፈለጉ። በውጤቱ ቲራኖሳውረስና ባለ ረጅም አንገቶቹ ፈጣን ሜታቦሊዝም ያላቸው ሲሆኑ፣ ትራይሴራቶፕስና ስቴጎሳውረስ ዝግ ያሉ ሆኑ። ስለዚህ ለዳይኖሰሮች ሁሉ አንድ መልስ መፈለግ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የዚያ ዘመን አየር ምን ይመስል ነበር የሚለው ጥያቄም ከሜታቦሊዝም ጋር የተሳሰረ ነው። ኦክሲጅን 17 የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ኦክሲጅን አለ፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ድርሻ በከፍተኛው ከባቢ አየር ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንና በዕፅዋት ፎቶሲንተሲስ ይወሰናል። እንስሳው የሳበው ኦክሲጅን በሰውነቱ ውስጥ ውኃ ይሆናል፣ ከውኃውም ወደ ጥርሱ ይገባል። ከጥርሱ ተነሥቶ አየሩን ለማስላት ታዲያ እንስሳው ምን ያህል ይተነፍስ እንደነበር መገመት ያስፈልጋል፤ የሜታቦሊዝም ግምት ከተሳሳተ የአየሩም ስሌት ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የእነ ዲንግሱ ፌንግ ጥናት በዚህ መንገድ ሄዶ፣ በጁራሲክ ማብቂያ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 1,200 ያህሉ፣ በክሪቴሺየስ ማብቂያ ደግሞ 750 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደነበሩ አሰላ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ቁጥሩ 280 ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የዚያ ዘመን ፎቶሲንተሲስም ከዛሬው እጥፍ ያህል ነበር ይላል ጥናቱ።

በእኛም አገር፣ በሰሜን ምዕራብ ደጋ ባለው የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ የልዩ ልዩ ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2011 ተገልጸዋል። ዘመናቸው እንደ ተንዳጉሩ የጁራሲክ ማብቂያ ነው። ኢናሜላቸው በደህና ተጠብቆ ከተገኘና ተመሳሳይ ልኬት ከተደረገለት፣ የዚያን ጊዜውን የምሥራቅ አፍሪካ እንስሳትና አየር ንብረት ከሁለት ቦታ ማነጻጸር ይቻላል፤ በጉጉት የምጠብቀውም ይህን ነው።