የሯጭ ኃይል በተረከዙ

ከባታችን ወርዶ በተረከዝ አጥንት ላይ የሚተከለው የአኪለስ ጅማት፤ በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራምና ብርቱ ነው። ነገር ግን ደም በብዛት ስለማይደርሰው ከተጎዳ ቶሎ አይሽርም።

ጅማቱ ከአጥንቱ ጋራ በሚጋጠምበት ስፍራ ሲታመም ሐኪም ወዲያው ቢላዋ አያነሣም። አስቀድሞ ዕረፍት፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማና ባትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ለወራት ያዛል። ይህ ካልረዳ፤ የተበላሸው የጅማት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ ጅማቱን የሚፈገፍገው የአጥንት ጉብታም ይስተካከላል። ጅማቱ ከአጥንቱ የተላቀቀ እንደ ሆነ፤ በአጥንቱ ውስጥ በሚቀበሩ ጥቃቅን ችንካሮችና በብርቱ ክር ተመልሶ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ እግሩ ለሳምንታት በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ ይጠበቃል፤ ሙሉ ኃይሉ እስኪመለስ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ዝነኛው ሯጫችን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው ይኸው ጅማት እያመመው ነበር። ከውድድሩ በኋላ በቀዶ ሕክምና ታከመ። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን 3ኛ ወጣ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ግን በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ፈጽሞ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

እንግዲህ ተረከዙን የሚያመው ሰው ሕመሙን ሳይንቅ በጊዜ ሐኪም ያማክር፤ ከታከመም በኋላ ትዕግሥትን ገንዘቡ ያድርግ።