ጩኸቱ ከጣቢያው አይደለም

የመኪና ሬዲዮ መንጫጫት ሲጀምር አሽከርካሪው የሚወቅሰው ወይ ጣቢያውን ወይ ቴፑን ነው። ጣቢያው ከተወቀሰ ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ ቴፑ ከተወቀሰ ደግሞ ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ አዲስ ቴፕ ይገዛል፣ ጩኸቱም ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይቀጥላል። በሚሄድ መኪና ውስጥ የሚሰማ ጩኸት ግን ዝም ብሎ አይመጣም፤ አንድ ነገር ተከትሎ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይጠፋል። የሚከተለው ሞተሩን ነው? መንገዱን ነው? ወይስ በኋላ የተገጠመ ዕቃን? ይህን በጆሮው መለየት የቻለ ሰው መፍቻ ሳያነሳ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ከሞተሩ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ የሚፈነጥቀው በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ነው፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ደግሞ በባሕርዩ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ማርኮኒ የመጀመሪያ መልእክቶቹን ያስተላለፈው በዚሁ ብልጭታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የጋልቪን ኩባንያ ቺካጎ ላይ ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ሲያወጣም ከዋነኞቹ ፈተናዎቹ አንዱ የመኪናው የራሱ ሞተር ሆነበት። መፍትሔው ዛሬም ካንዴላው ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ካንዴላዎች በመሀላቸው አምስት ሺህ ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር አላቸው። በነጩ ሸክላ ላይ ከታተሙት ፊደላት መካከል ‹አር› የምትነበበው የላቲን ፊደል በብዙ ካንዴላዎች ላይ ይህንኑ ታመለክታለች። በርካሽነቱ ተመርጦ ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ ከተገጠመ፣ ወይም የካንዴላው ገመድ ከተሰነጠቀ፣ ሬዲዮው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ጠቅታው ይፈጥናል። ከነዳጁ ጋር እየቀጠነ ወደ ላይ የሚወጣው ፉጨት ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው ባትሪውን ከሚሞላው ከአልተርኔተሩ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንቲ በዳዮዶች ወደ ቀጥታ ይለወጣል፤ ሳይስተካከል የቀረው ሞገድ ግን በሽቦው ተጉዞ ቴፑ ውስጥ ይገባል። ‹ቴፑ አርጅቶ ነው› የሚል ሰው እዚህ ላይ መልስ ያጣል። ያረጀ ቴፕ እግር ነዳጅ ላይ መጫኑን በምን ያውቃል?

መንገዱን የሚከተለው ችግር ደግሞ በተለይ በኤፍ ኤም ላይ ይታያል። ለምሳሌ በ97.1 ሜጋኸርዝ የሚተላለፍ ስርጭት የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ከማሰራጫው በቀጥታ የመጣው ሞገድ ከሕንፃ ወይም ከተራራ ነጥሮ ከመጣው ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ደካማው ቦታ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ይመላለሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሴኮንድ አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ደካማ ቦታ ያቋርጣል፤ ድምፁም ይርገበገባል። መኪናው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ሬዲዮው ድርግም ብሎ ጠፍቶ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲንፏቀቅ የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ አዲስ አበባ በተራራ በተከበበና ፎቅ በበዛበት ከተማ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ቴፕ መቀየር አያድነውም። በኤኤም ላይ ግን በትልልቅ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሥር ሲያልፉ የሚሰማው እዝዝታ አንዳንዴ የላላ ማያያዣ ወይም የቆሸሸ ሲኒ የሚያወጣው ብልጭታ ነው። ሁልጊዜ አንድ ምሰሶ አጠገብ የሚሰማ ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መንገር ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው በኋላ የተገጠመው ዕቃ ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው የስልክ ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኮረንቲውን በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየዘጋ እየከፈተ ነው። በደንብ ያልተሸፈነና ማጣሪያ ያልተደረገለት ርካሽ ቻርጀር ከዚህ የሚወጣውን ሞገድ በየአቅጣጫው ይረጨዋል። የኤልኢዲ አምፖሎችና ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፉ ካሜራዎችም በዚሁ ይጠረጠራሉ። ‹በኪሎዋት የሚያሰራጭ ጣቢያ እንዴት በጣት በምታህል ዕቃ ይሸነፋል?› ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። መልሱ ርቀት ነው። የጣቢያው ሞገድ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንቴናው ላይ ሲደርስ እጅግ ደክሟል፤ ቻርጀሩ ግን ከአንቴናው ገመድ አንድ ክንድ ነው ያለው። መንገድ ሲዘጋጋ ቆሞ ዜና የሚያዳምጥ ሰው ድንገት የማያውቀው መዝሙር ጣልቃ ሲገባበትም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። ከጎኑ የቆመው መኪና የስልኩን ዘፈን በኤፍ ኤም የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ተሰክቶበታል፤ የኤፍ ኤም መቀበያ ደግሞ በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ስርጭት ሲመጣበት የበረታውን ይይዛል። ትንሽ ዕቃ ምን ያህል ሊያውክ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2019 ኦሃዮ ውስጥ ኖርዝ ኦልምስተድ በተባለች ከተማ ታይቷል። የመኪና ሪሞቶችና የጋራዥ በር መክፈቻዎች ለሳምንታት እምቢ ብለው፣ መጨረሻ ላይ የተገኘው አንድ ነዋሪ ለቤቱ የሠራው መሣሪያ ነበር፤ ሰውየውም ጎረቤቶቹን እያወከ መሆኑን አያውቅም ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ ስለሌለው ከዚህ ሁሉ የተገላገለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የባሰ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል በከፍተኛ ቮልት እየዘጋና እየከፈተ ስለሚሠራ የኤኤምን ስርጭት ያጥለቀልቀዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች ኤኤምን ከመኪናቸው አስወጥተዋል፤ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲሁ ሊያደርግ ካሰበ በኋላ ተቃውሞ በዝቶበት ሐሳቡን ለውጧል። ‹ኤፍ ኤም ካለ ኤኤም ምን ያደርጋል?› ለሚሉ፣ ኤፍ ኤም ከተራራ ጀርባ ሲቀር ኤኤም የሚጠቀምበት የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት ከከተማ ርቆ ገጠር ድረስ መዝለቁን ማስታወስ ይበቃል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጉዳይ የእኛም ሆኗል። ሽፋን ያለው ኬብልና በቂ ማጣሪያ ችግሩን እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው፤ ኤኤም ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መኖራቸውም ጥያቄው የወጪ እንጂ የቴክኖሎጂ አለመሆኑን ያሳያል። ገዢም አስመጪም ይህን ሊጠይቁ ይገባል።

እንግዲህ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የተሰካውን ሁሉ ነቅለው ያዳምጡ። ጩኸቱ ካልጠፋ የአንቴናውን ገመድ ከቴፑ ጀርባ ያስነቅሉ። አብሮ ከጠፋ የሚገባው በአንቴናው ስለሆነ፣ በመብራት ሽቦው ላይ የሚገጠመውን ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ የአንቴናው መቀመጫ ዝጎ እንደሆነ ይታይ። ድምፁን እስከ ዜሮ ቀንሰውትም ፉጨቱ ከቀጠለ ግን ነገሩ የሽቦ ወይም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ መላላት ነው። ትናንት ያልነበረ ፉጨት ዛሬ ከተሰማ ደግሞ በሬዲዮ ብቻ አይለፉት፤ ከአልተርኔተሩ ዳዮዶች አንዱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር ያስለኩ፤ በአብዛኛው መኪና ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ መንገድ ላይ ሳይቆሙ አልተርኔተሩን ያስፈትሹ።