ከፊተኛው የኋለኛው ይበልጣልን?

አንድ ሥራ በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ በኋላ ሠሪዎቹ ሁለተኛውን እንዲያወጡ መጠየቃቸው የማይቀር ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ቢሆን «ቀጣዩስ መቼ ይወጣል?» ይባላል፤ የሲኒማ ሠሪ ቢሆን ገንዘብ አውጪዎቹ ደጁ ላይ ይቆማሉ። ሥራው ሰውን ማስፈራት የሆነ እንደ ሆነ ግን ችግሩ ይብሳል። የሚያሥቅ ወግ ሁለተኛ ጊዜ ቢነገርም ጥቂት ያሥቃል፤ የሚያስፈራ ነገር ግን ፊቱ አንድ ጊዜ በደንብ ከታየ ኃይሉ ይቀንሳል። ጅብ ሌሊት ከአጥር ውጭ ሲጮኽ ሕፃኑም ዐዋቂውም ይደነግጣል፤ ያው ጅብ በጠዋት ሜዳ ላይ ሲያነክስ ቢታይ እረኛ በድንጋይ ያባርረዋል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጕዳይ ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። ይኸውም ልጆቻችን «ጌም» ከሚሏቸው፥ በቴሌቪዥንና በኮምፒዩተር ከሚደረጉት ጨዋታዎች መካከል፥ መተኰስንና መፍራትን ባንድነት የያዘው «ዴድ ስፔስ» የተባለው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ በሚባለው ከተማ፥ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ ክፍል በሆነ ድርጅት ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ወጣ። ይኸው ድርጅት በ2009 ስሙን ለውጦ «ቪሰራል ጌምስ» ተባለና ሁለተኛውን በጃንዋሪ 2011 አወጣ። ድርጅቱ ራሱ በ2017 ተዘግቷል፤ «ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ግን በተጫዋቾች መካከል እስከ ዛሬ አልበረደም። እኛም ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር ስለ ተጫወትናቸው የበኩላችንን ለመናገር ደፍረናል።

የፊተኛው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። አይዛክ ክላርክ የተባለ መሐንዲስ (ስሙ ከሁለቱ ዝነኞች የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲዎች ከአይዛክ አሲሞቭና ከአርተር ክላርክ የተውጣጣ ነው) «ኢሺሙራ» ከተባለች ታላቅ የጠፈር መርከብ የድረሱልን ጥሪ በመምጣቱ ከጥቂት ሰዎች ጋራ ለጥገና ይላካል። መርከቢቱ ፕላኔት እየሰነጠቀች ማዕድን የምታወጣ ናት፤ ወዳጁ ኒኮልም በዚያች መርከብ ላይ ሐኪም ሆና ትሠራለች። ነገር ግን ሲደርሱ ሠራተኛው አልቆ፥ የሞቱትም ሰዎች ሬሳ ተለውጦ አውሬ ሆኖ ያገኙታል። አይዛክ ወታደር አይደለም። በእጁ የያዘው ዋነኛ መሣሪያ እንኳ የጦር መሣሪያ ሳይሆን ማዕድን አውጪዎች ድንጋይ የሚቈርጡበት ዕቃ ነው።

የጨዋታው ብልሃት ከዚህ ይጀምራል። በሌሎች የተኩስ ጨዋታዎች ራስን መምታት የጐበዝ ተኳሽ ምልክት ሲሆን፥ እዚህ ራሱን የተመታ አውሬ መምጣቱን አያቆምም፤ እጅና እግሩን ለይቶ መቍረጥ ያስፈልጋል። ይኸንንም ለማድረግ ልብን አረጋግቶ ማነጣጠር ግድ ነው፤ ልብን ማረጋጋት ደግሞ በዚያ ሰዓት የማይገኝ ነገር ነው። በሌሎች ጨዋታዎች በቴሌቪዥኑ መስኮት ጥግ የሚደረደረው ቍጥርና ምልክት ሁሉ እዚህ የለም። የአይዛክ ሕይወት ምን ያህል እንደ ቀረ በጀርባው አከርካሪ ላይ በሚበራ መስመር ይታያል፤ የጥይቱ ቍጥር ከመሣሪያው በላይ በብርሃን ይጻፋል፤ የዕቃ መያዣውን ዝርዝር ሲከፍት እንኳ ጨዋታው ቆሞ አይጠብቀውም፤ እርሱ ሲመለከት ሌላው ከኋላው ሊመጣ ይችላል። አየር ወደሌለበት ስፍራ በወጣ ጊዜ ድምፅ ሁሉ ይታፈንና የገዛ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። የሙዚቃው ደራሲ ጄሰን ግሬቭስ ነው፤ ጨዋታው በ2009 ባፍታ የተባለውን የብሪታንያ ሽልማት በሙዚቃውም በድምፅ አጠቃቀሙም ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛን ነገር ብንናገር፥ በመጀመሪያው ሌሊት ድምፁን ዝቅ አድርገን በጨለማ ተቀምጠን ሳለ፥ ታናሽ እኅታችን ውኃ ልትቀዳ ተነሥታ በስተኋላችን መጥታ ቆማ ኖሮ፥ ስንዞር አይተናት በጮኽነው ጩኸት ጎረቤት ነቅቷል። እርስዋም እስከ ዛሬ ድረስ ይኸን ታሪክ በእንግዳ ፊት ማውራቷን አልተወችም።

ሆኖም ፊተኛው አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት። አይዛክ አይናገርም። ሌሎች በሬዲዮ እየጠሩ «ይህን ሞተር ጠግን፥ ያንን በር ክፈት» ይሉታል፤ እርሱም እንደ ተላላኪ ዝም ብሎ ይሄዳል። በመጨረሻ ኒኮል እርሱ ከመድረሱ አስቀድማ ሕይወቷን በገዛ እጅዋ ማሳለፏን ያውቃል። ይኸን የሚያሳየው መልእክት ከጅምሩ በእጁ ነበረ፤ እስከ ፍጻሜው አላየውም እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት ሳለ ቃል አይወጣውም። የራስ ቍሩን ያወልቃል፥ ያዝናል፥ ታሪኩም ያልቃል። እኛም የዚያን ጊዜ «ይህ ሰው ምን ተሰማው?» ብለን ነበር የቀረነው።

ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አይዛክ በሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ በተሠራች ከተማ በአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ውስጥ፥ እጆቹን ከደረቱ ጋራ በሚያስር ልብስ ተጠፍሮ ይነቃል። ሊፈታው የመጣው ሰው በዐይኑ ፊት ተገድሎ ወደ አውሬ ይለወጣል፤ አይዛክም መሣሪያ ሳይኖረው፥ እጁ እንደ ታሰረ፥ መሮጥ ይኖርበታል። ከዚህ የበለጠ መክፈቻ ያለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ እኛ አላየንም።

በእጅ ሥራው ረገድ ሁለተኛው መብለጡን የሚክድ አይገኝም። ሰውየው ፈጥኖ ይዞራል፥ መሣሪያው እንደ ፈቃድ ይታዘዛል። ክብደት በሌለበት ስፍራ ፊተኛው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መዝለልን ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ በሁለተኛው ግን በልብሱ ላይ በተተከሉ ትንንሽ ሞተሮች እንደ ወፍ ወደ ወደደበት ይበራል። ስፍራውም ሰው የኖረበት ከተማ ስለ ሆነ መኖሪያ ቤቱ፥ ሱቁ፥ የሃይማኖት ቤቱ፥ የሕፃናቱም ትምህርት ቤት ይታያል። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ ቀለም ሥዕልና መጫወቻ በተበተነበት ክፍል የሚደርሰውን ነገር በዚህ ገጽ ልንዘረዝረው አንወድም። ወላጅ የሆነ ሰው ያንን ምዕራፍ ሲያልፍ መቀመጫው ላይ ይቁነጠነጣል ማለት ይበቃል። ብዙ ሰዎች ባንድነት የሚዋጉበትም ክፍል ተጨምሮበታል፤ ባይጨመር ኖሮ የሚጐድል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን እጁ የፈጠነ ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ባቡር ይሰባብራል፥ መስኮት ይፈነዳል፥ ሰውየውም ከከፍታ ወደ ከፍታ ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም የተነሣበትን ነገር ረስቶ የጦር ሲኒማ ለመሆን ይሞክራል። ይህ ሁሉ ያስደንግጥ ይሆናል፤ መደንገጥና መፍራት ግን አንድ አይደሉም። የደነገጠ ሰው ወዲያው ይሥቃል፤ የፈራ ሰው በሩን ለመክፈት እጁን ይሰስታል።

ሠሪዎቹም ራሳቸው ይኸን ያወቁት ይመስለናል። ከ15ቱ ምዕራፎች በአሥረኛው አይዛክን ወደዚያች ወደ ጥንቲቱ መርከብ ወደ ኢሺሙራ መልሰው ያስገቡታል። መርከቢቱ ከተማዪቱ ዘንድ ተስባ መጥታ እየተጠረገች ኖሮ፥ መተላለፊያው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ታጥቧል። ተጫዋቹ እያንዳንዱን ማእዘን ያውቀዋል፤ አውሬው በዚያን ጊዜ ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጣበት ያስታውሳል። መሣሪያውን ወድሮ ይጠብቃል። ምንም አይመጣም። ጥቂት ይራመዳል፤ አሁንም ምንም አይመጣም። እኛ በሁለቱም ጨዋታዎች ውስጥ እንደዚያ ምዕራፍ መጀመሪያ የፈራንበት ጊዜ የለም። በዚያ ስፍራ ያስፈራን ሁለተኛው የሠራው ሳይሆን የፊተኛው ትዝታ ነበረ። በማስፈራት ረገድ ፍርዱን ለፊተኛው የምንሰጠው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ለምን ተወደደ? አይዛክ አፍ ስላገኘ ነው። ገነር ራይት የተባለ ተዋናይ ድምፁን ሰጥቶታል፤ ሰውየው ይቈጣል፥ ይለምናል፥ ይሳደባልም። ከሁሉ ይልቅ ግን የኒኮል ምትሀት ከዐይኗ ብርሃን እየወጣ በየመንገዱ ይታየዋል፤ ይወቅሰዋል። በአገራችን «እርሙን ያላወጣ» የምንለው ሰው ይህ ነው። መርዶውን ሰምቷል፤ ነገር ግን አላለቀሰም፥ ያጽናናውም ሰው የለም፥ ሦስት ዓመት ሙሉም ተኝቶ ነው የከረመው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል። ጨዋታው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አይዛክ ያን ምትሀት ፊት ለፊት ቆሞ፥ እርስዋን ከለቀቀ ምንም እንደማይቀረው ፈርቶ እስካሁን እንደ ያዛት ይናዘዛል። ከዚያ በኋላ ኤሊ የተባለችውን አብራው የተረፈች አብራሪ ሳትወድ በመርከብ አስወጥቶ ነፍሷን ያድናል፤ ለኒኮል ሊያደርገው ያልቻለውን ለሌላዪቱ ያደርጋል። በመርፌ የገዛ ዐይኑን እንዲነካ ተጫዋቹን የሚያስገድደው ዝነኛው ትዕይንት ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር የሕፃን ማስፈራሪያ ነው።

በዚህ ገጽ ላይ ሳንናገር ልናልፈው የማንችለው አንድ ነገር አለ። በ2011 ይህ ሁለተኛው ጨዋታ ሲወጣ፥ ሻጮቹ እናቶችን ጠርተው ከጨዋታው አሠቃቂ የሆነውን እያሳዩ፥ ሲደነግጡና ሲጸየፉ በፊልም ቀርጸው «እናትህ ትጠላዋለች» በማለት ማስታወቂያ አደረጉት። ጨዋታው በአሜሪካ ዕድሜያቸው 17 ዓመት ለሞላ ብቻ የተፈቀደ ነው። የ17 ዓመት ወጣት እናቱ የጠላችውን ለመግዛት አይጣደፍም፤ የሚጣደፈው የ13 ዓመቱ ነው። ለኀዘንተኛ ሰው ታሪክ እንዲህ ያለ ጥሪ መምረጣቸው የራሳቸውን ሥራ አለማወቃቸው መሰለን።

ለክርክሩ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የመጣው በጃንዋሪ 2023 ነው። በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው ሞቲቭ የተባለው ድርጅት ፊተኛውን ጨዋታ እንደ አዲስ ሠርቶ አወጣው። መርከቢቱን፥ ጨለማውን፥ የሬሳውን አቈራረጥ አልለቀቀም። ነገር ግን አይዛክ በዚህ አዲስ ሥራ በዚያው በገነር ራይት ድምፅ ይናገራል፤ ክብደት በሌለበትም ስፍራ እንደ ሁለተኛው ይበራል። ሠሪዎቹ ሁለቱን መዝነው፥ ቤቱን ከፊተኛው፥ ሰውየውን ከኋለኛው ወሰዱ። እኛም ብንጠየቅ ከዚህ የተለየ አንመልስም፤ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ግን፥ ፍርሃት ያልፋልና ሰውየው የተናገረበትን ሁለተኛውን እንመርጣለን።

በዚያ ሌሊት ያስደነገጠችን እኅታችን ዛሬ የ14 ዓመት ልጅ እናት ናት። ባለፈው ሰሞን ልጁ «አጎቴ፥ ከየትኛው ልጀምር?» ብሎ ጠየቀን። አሥረኛው ምዕራፍ ኢሺሙራን አስቀድሞ ላላየ ሰው ባዶ መተላለፊያ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከፊተኛው መጀመር እንዳለበት ነገርነው። መቼ እንደሚጀምር ግን እናቱን ጠይቅ አልነው፤ እርስዋም ከኵሽና ሆና ሰምታ ኖሮ ገና ሦስት ዓመት እንደሚቀረው ነገረችው።