ድምፅ የሌላት ከተማና ያፈነገጡት እንደራሴዎች

ማርች 27 ቀን 2020 ዓርብ ነበር። የዋሽንግተን ከንቲባ ሚዩሪየል ባውዘር የግድ የማያስፈልጉ ንግድ ቤቶች እንዲዘጉ ያስተላለፉት ትእዛዝ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ኬ ስትሪት ላይ የተደረደሩት የሕግና የጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮዎች ተቆልፈዋል፤ ሜትሮው ባዶውን ይመላለሳል። በዚያ ጭር ባለ ከተማ ከየአቅጣጫው የሚገባ ሰው ቢኖር የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ነበሩ። ገሚሶቹ በአውሮፕላን፣ ገሚሶቹ ሌሊቱን መኪና ሲነዱ አድረው ነው የደረሱት። ብዙዎቹ ተቆጥተዋል፤ የተቆጡትም በአንድ ሰው ነው።

ሰውየው የኬንታኪው ሪፐብሊካን ቶማስ ማሲ ናቸው። ሁለት ትሪሊዮን ዶላር የሚያልፈውን የኮሮና ድጎማ ሕግ የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች በጥቂት አባላት ፊት፣ ማን ምን እንዳለ ሳይመዘገብ፣ በቃል ስምምነት ሊያሳልፉት ተዘጋጅተው ነበር። ማሲ ግን ሕገ መንግሥቱ ምልዓተ ጉባኤ ይጠይቃል፣ የእያንዳንዱም ድምፅ በስሙ ይመዝገብ ብለው ተሟገቱ። መሪዎቹ አባላቱን ጠርተው አዳራሹን ሞሉ፤ ርቀት ለመጠበቅ ሲባል የተረፉት የእንግዶች ሰገነት ላይ ተቀመጡ። ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ የማሲ ጥያቄ በቂ ደጋፊ አጥቶ ወደቀ፤ ሕጉም በዚያው በቃል ጸደቀ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሰውየውን ታይታ ፈላጊ ብለው ዘለፉ፤ ከሪፐብሊካን ፓርቲም ይባረር አሉ።

የዚያን ቀን ወሬ ይኸው የማሲ ማፈንገጥ ነበር። በሕጉ ውስጥ ለዋሽንግተን የተጻፈውን መስመር ያነበበ ጥቂት ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ ዲሲን ግን ከፖርቶ ሪኮና ከጉዋም ጋር ቆጥሮ ወደ 495 ሚሊዮን ገደማ ሰጣት። ጉድለቱ 755 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዲሲ እንደ ክፍለ ግዛት ሁሉ የፌዴራል ግብር ትከፍላለች፤ በ2020 ቆጠራ የሕዝቧ ብዛት 689,545 ደርሷል። የዋዮሚንግ 576,851 ነው። ዋዮሚንግ ሙሉውን 1.25 ቢሊዮን አገኘች። በምክር ቤቱ ዋዮሚንግን የሚወክሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም የሪፐብሊካኖቹ ሦስተኛ ሰው ሊዝ ቼኒ። ዲሲን የሚወክሉት ኤሊነር ሆምስ ኖርተን በአዳራሹ መናገር ይችላሉ፤ ሕግ በሚጸድቅበት ጊዜ ግን ድምፃቸው አይቆጠርም። ሴናተር ጭራሽ የለም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ፖለቲካ ዋና ጣጣ ‹‹ማን ፓርቲውን ከዳ?›› የሚለው ሆኗል። እኔ ይህን ጥያቄ ከአዳራሹ ይልቅ ከዳውንታውን ሆኖ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ፓርቲ መክዳትም ሆነ ለፓርቲ መታመን የሚቻለው መጀመሪያ ድምፅ ሲኖር ነውና።

ዳውንታውን ስል የማስበው ከመሬት በታች ያሉትን ጋራዦች ጭምር ነው። ብዙ የዲሲ ሐበሻ የአሜሪካን ኑሮ የጀመረው ከፓርኪንግ ነው። እንግሊዝኛው እስኪቃና፣ የአገር ቤት ዲግሪ እስኪታወቅ፣ ወይም ጨርሶ እንደማይታወቅ እስኪገባው፣ የሰው ቁልፍ ተቀብሎ መኪና ይደረድራል። ደመወዙ ልክ አለው፤ ቤት ኪራዩንና ወደ አገር ቤት የሚላከውን የሚደጉመው ቲፑ ነው። ቲፕ የሚሰጠው ደግሞ ደንበኛው ነው፤ ሁልጊዜ ጠዋት በዚያው ሰዓት የሚመጣው፣ ስም የሚያውቀው፣ ለገና ፖስታ የሚያቀብለው የመሥሪያ ቤት ሰው። የፌዴራል መንግሥት በማርች 2020 አጋማሽ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉ ሠራተኞቹ በተቻለ መጠን ከቤት እንዲሠሩ ሲያደርግ የጠፋው ይህ ደንበኛ ነው። የታክሲውም ገበያ፣ የምሳ ቤቱም፣ ማታ ቢሮ የሚያጸዱት ሴቶች ሺፍትም አብሮ ሄደ። የሜትሮ ባቡር ተሳፋሪ በዚያ ጸደይ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ሌሎች ከተሞችም ባዶ ሆነው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ተመለሱ። የዲሲ የከፋው ከከተማዋ ቢሮ ሲሦ ያህሉን የያዘው ወይም የተከራየው አንድ አሠሪ፣ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ነው። ባንክ ሠራተኛውን ሲጠራ አንድ ሕንፃ ይሞላል፤ ዋይት ሐውስ ‹‹ቆዩ›› ሲል የከተማ እኩሌታ ይዘጋል። ከወረርሽኙ በኋላ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ደህና ሰው ይገባ ጀመር፤ ሰኞ ጭር፣ ዓርብ ባዶ። ጋራዥ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ገቢ የአምስት ቀን ሠራተኛ አይቀጥርም።

አዳራሹ ውስጥም ከቤት መሥራት የፓርቲ ምልክት ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም። ዴሞክራቶቹ በሜይ 2020 በውክልና ድምፅ መስጠትን ፈቀዱ፤ በቦታው ያልተገኘ አባል ባልደረባውን ወክሎ ድምፁን ያሰማል። ሪፐብሊካኖቹ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በፌብሩዋሪ 2021 ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ በወረርሽኙ ምክንያት መገኘት አልቻልንም የሚል ደብዳቤ ፈርመው ፍሎሪዳ በተደረገው የወግ አጥባቂዎች ጉባኤ ላይ ታዩ። ይህን ክህደት ያለው የለም። ፓርቲ ከመርህ ማፈንገጥን ይችላል፤ የማይችለው ከመሪው ማፈንገጥን ነው።

ቼኒ ይህን በራሳቸው አዩት። በምክር ቤት ከዘጠና በመቶ በላይ ከትራምፕ አቋም ጋር ድምፅ የሰጡ ሰው ናቸው። ጃንዋሪ 13 ቀን 2021፣ ካፒቶሉ በተወረረ በሳምንቱ፣ ትራምፕ እንዲከሰሱ ከደገፉት አሥር ሪፐብሊካኖች አንዷ ሆኑ። በፌብሩዋሪ የፓርቲያቸው አባላት ከሥልጣን ያውርዷቸው እንደሆነ በምስጢር ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ 145 ለ61 ሆኖ ቼኒ ቆዩ። በሜይ ወር ያው ጥያቄ እንደገና ቀረበ። በዚህኛው ዙር የተጠየቀው የምስጢር ወረቀት አልነበረም፤ በፓርቲው ስብሰባ በጩኸት ነው የተወሰነው፤ ቼኒም ወረዱ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ቼኒ አልተለወጡም፤ ከሥልጣናቸው ያወረዳቸውን ድምፅ ግን የሰጠው ማን እንደሆነ መዝገብ የለም። በኦገስት 2022 ዋዮሚንግ ውስጥ በተደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ከ35 ነጥብ በላይ ተበልጠው ተሸነፉ። ከአሥሩ መካከል ለቀጣዩ ምክር ቤት የተመለሱት ሁለት ብቻ ናቸው። አራቱ ቀድመው ከውድድር ወጡ፤ የቀሩትን የገዛ ፓርቲያቸው መራጭ ጣላቸው።

የቼኒን ድፍረት አላናንቅም። የዲሲ ነዋሪ ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። ጁን 26 ቀን 2020 ዲሲን ሃምሳ አንደኛ ክፍለ ግዛት የሚያደርገው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም፤ ቼኒም አልደገፉትም። በዚያ ጉዳይ የታመኑ አባል ነበሩ።

ከዴሞክራቶቹ ወገን ያፈነገጡትስ? ያን ጊዜ የዌስት ቨርጂኒያ ሴናተር የነበሩት ጆ ማንቺን የባይደንን ትልቁን የማኅበራዊ ወጪ ዕቅድ በዲሴምበር 2021 በቴሌቪዥን ቀርበው በመቅበራቸው ነው የሚታወሱት። ዲሲ ውስጥ የሚታወሱት ከዚያ በፊት፣ በኤፕሪል 30 ቀን 2021 ነው። ዲሲን ክፍለ ግዛት የሚያደርገው ረቂቅ ለሁለተኛ ጊዜ በ216 ለ208 ከተወካዮች ምክር ቤት ባለፈ በሳምንቱ፣ ይህ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንጂ በተራ ሕግ አይሆንም ብለው ድጋፋቸውን ነፈጉ። ሴኔት ውስጥ ስድሳ ድምፅ ስለሚያስፈልግ እሳቸው ቢደግፉም አይሳካም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ያን ጊዜ ግን ሴኔቱ ሃምሳ ለሃምሳ ተከፍሎ ስለነበር አንድ ሰው ሲያፈነግጥ የጠቅላላ ፓርቲው አጀንዳ ይቆማል። ከዚያው ሴኔት በዚያው ዓመት በማርች ወር የ755 ሚሊዮኑ ጉድለት ተመልሷል፤ 50 ለ49፣ አንድ ሳያፈነግጥ። ለከተማዋ የፓርቲ ታማኝነት የጠቀመበትም ያልጠቀመበትም ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከንቲባ ባውዘር ራሳቸውም ከዴሞክራት ፓርቲያቸው መስመር የወጡበት ጊዜ ነበር፤ ብዙ ባይወራም። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ለሦስተኛ ዘመን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ላይ በይፋ ተናገሩ፤ ወይ ሠራተኞቻችሁን ወደ ቢሮ መልሱ፣ ወይ ሕንፃውን ልቀቁልንና መኖሪያ እናድርገው። በወሩ የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች የፌዴራል ሠራተኞች ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረው አሠራር እንዲመለሱ የሚያዝ ረቂቅ በ221 ለ206 አሳለፉ። የከንቲባዋ ፍላጎትና የተቃዋሚዎቻቸው ረቂቅ ተገጣጠመ፤ የፌዴራል ሠራተኞች ማኅበራትና አብዛኞቹ ዴሞክራቶች ከወዲያኛው ወገን ቆሙ። ሴኔት ረቂቁን ችላ አለው። በዚያው ዓመት ጁላይ የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ፣ ከ24 ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች 17ቱ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን የሚጠቀሙት ከአቅሙ 25 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ተገመተ።

ሕንፃውን መኖሪያ ማድረጉም በአፍ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። የ1910 ሕግ የዋሽንግተን ሕንፃ ከፍታን ስለገደበ፣ ሠሪዎቹ ወደ ላይ ያጡትን ወደ ጎን ወስደው ግዙፍና ሰፋፊ ፎቅ ሠርተዋል። የፎቁ መሐል መስኮት የለውም፤ መኝታ ቤት ለማድረግ ብርሃንም ቧንቧም ከየት ይምጣ? ባውዘር በአምስት ዓመት 15,000 ነዋሪ ወደ ዳውንታውን አስገባለሁ ያሉት ይህን ሁሉ እያወቁ ነው።

ከዚያ 2025 መጣ። ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ቢሮ ይግባ ብለው አዘዙ። ባውዘር የለመኑት ነገር ተፈጸመ፤ ግን ከጅምላ ቅነሳ ጋር። ሰው በአንድ በር ይገባል፣ በሌላው ዕቃውን በካርቶን ይዞ ይወጣል።

በማርች 2025 የቀረበው ጊዜያዊ የበጀት ሕግ ዲሲ ከራሷ ነዋሪ የሰበሰበችውን ግብር እንኳ እንዳታወጣ የሚያግድ ሆኖ መጣ፤ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊቀነስባት ነው። ሕጉ 217 ለ213 አለፈ። ከሪፐብሊካኖች የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ያው ማሲ። የተቃወሙት ስለ ዲሲ ብለው አይደለም፤ ጠባቸው ከወጪውና ከዕዳው ጋር ነው። ትራምፕም ሰውየውን ከሊዝ ቼኒ ጋር አመሳስለው በቅድመ ምርጫ የሚጥላቸው ሰው ይፈለግ አሉ።

ሴኔት የዲሲን ገንዘብ የሚመልስ ማስተካከያ ወዲያው ያለ ክርክር አሳለፈ። ትራምፕ ራሳቸው የተወካዮች ምክር ቤት ቶሎ ያጽድቀው ብለው ጻፉ። ምክር ቤቱ ግን ለድምፅ አላቀረበውም። እዚህ ላይ የሚገርመኝ፣ ፕሬዚዳንቱ የጠየቁትን ባለማድረግ ያፈነገጠ ሰው ስም አለመኖሩ ነው። ድምፅ ካልተሰጠ መዝገብ የለም፤ መዝገብ ከሌለም ከሃዲ የለም። ከተማዋ ቅጥር አቁማ፣ በሌላ የቆየ ሕግ ተጠቅማ ቀዳዳውን አጠበበች።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር 1 የፌዴራል መንግሥት ተዘጋ፤ ለ43 ቀናት። የቢሮው ሰው ደመወዝ የለውም፣ ጋራዡ ሰው የለውም። መዘጋቱን ያበቃው ደግሞ ማፈንገጥ ነው፤ ስምንት የዴሞክራት ጎራ ሴናተሮች ከመሪያቸው ተለይተው ከሪፐብሊካኖች ጋር ድምፅ ሰጡና 60 ሞላ። ከገዛ ወገናቸው የወረደባቸው ውርጅብኝ ከባድ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ አሁንም ማሲ ናቸው። ከስምንቱ አንዱ የቨርጂኒያው ቲም ኬይን፣ በመዘጋቱ ወቅት የተባረሩ የፌዴራል ሠራተኞች እንዲመለሱ የሚል አንቀጽ አስገብተዋል፤ በክፍለ ግዛታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነውና መራጫቸውን አሰቡ።

እንግዲህ በአንድ የኬ ስትሪት ጋራዥ ሦስት ሐበሾች ይሠራሉ እንበል፤ ሦስቱም ዜግነት ወስደዋል። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው፣ ካፈነገጡት አንዱ ኬይን ሴናተሩ ናቸው፤ ሌላው ሴናተሩ ማርክ ዋርነር ከፓርቲያቸው ጋር ስለቆሙ አንዱን አመስግኖ ሌላውን መውቀስ ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሁለቱም የሜሪላንድ ሴናተሮቹ እምቢ ብለዋል፤ ደስ ካላለው በሚቀጥለው ምርጫ ይነግራቸዋል። ሦስተኛው እዚያው ዲሲ ከዩ ስትሪት በእግሩ የሚመጣ ነው፤ የሚደውልለት ሴናተር የለውም።