«አሠልጣኝ»፣ «ሥራ አስኪያጅ» እና «አንደኛ ሊግ»፦ ስለ እግር ኳስ ቃላት አተረጓጐም

በአዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ማለዳ ልምምድ የሚሠሩ ተጨዋቾች መሪያቸውን «ኮች» ብለው ይጠሩታል። ጋዜጣና የውል ሰነድ ግን ይህንኑ ሰው «አሠልጣኝ» ይሉታል። የሰፈሩ ስም ራሱ የአንድ የኢጣልያ የግንባታ ኅብረት ሥራ ማኅበር ምሕጻረ ቃል እንደ መሆኑ፣ ባዕድ ቃል በሕዝብ አፍ መለመዱ አያስደንቅም። እኛን የሚያሳስበን ቃላቱ በጽሑፍ ሲተረጐሙ የሚደርሰው የፍች መዛባት ነው።

«አሠልጣኝ» «አሠለጠነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ከ«ሥልጣን» እና ከ«ሥልጣኔ» ጋር አንድ ዘር ነው። ወታደር የሚያሠለጥነውም፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የባለሙያ አቅሙ በቂ የሆነ ክለብ ሥራውን ለዋና አሠልጣኝ፣ ለምክትል አሠልጣኝ፣ ለበረኞች አሠልጣኝና ለአካል ብቃት አሠልጣኝ ይከፋፍላል። በዝቅተኛ እርከን የሚወዳደር ክለብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ተርጓሚው ከስሙ አስቀድሞ የሥራውን ዝርዝር መመልከት ይገባዋል።

በእንግሊዝ እግር ኳስ ልማድ «ማናጀር» የሚባለው ቡድኑን የሚያሠለጥነውና አሰላለፍ የሚያወጣው ሰው ነው። መዝገበ ቃላት ተከትለን «ሥራ አስኪያጅ» ብንለው እንሳሳታለን፤ በእኛ ክለቦች ሥራ አስኪያጅ የሚባለው የጽሕፈት ቤቱን አስተዳደር የሚመራው ነውና። እንዲህ ያለ ትርጉም በውል ውስጥ ቢገባ፣ ለሽንፈቱ ተጠያቂ የሚሆነው ሜዳ ያልወረደው ሰው ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው የሊጎቹ ስም ነው። በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረው ፕሪምየር ሊግ ቀጥሎ የሚገኘው ሁለተኛው እርከን «ከፍተኛ ሊግ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «አንደኛ ሊግ» ይባላል። ስሞቹ እንዳሉ በፍቻቸው ቢተረጐሙ፣ የውጭ አገር አንባቢ ሁለቱንም የበላይ እርከን ያደርጋቸዋል። በአንደኛ ሊግ የሠራ አሠልጣኝ የሥራ ልምድ ማስረጃው በዚህ አኳኋን ተተርጕሞ ውጭ አገር ቢቀርብና እውነቱ ቢታወቅ፣ በተርጓሚው ስሕተት እርሱ ዋሾ ይባላል። ይህም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ በእንግሊዝም ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ሊግ አንድ» የሚባለው ሦስተኛው እርከን ነው።

ስለሆነም ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ የሊግ ስም እንደ ተጸውዖ ስም ሳይተረጐም ይጻፍ፤ እርከኑም አጠገቡ ይገለጽ፤ ምሳሌ፦ «አንደኛ ሊግ፣ ሦስተኛ እርከን»።

2ኛ/ «ማናጀር» የሚለው ቃል ቡድን የሚያሠለጥነውን ሰው ሲያመለክት «ዋና አሠልጣኝ» ይባል፤ «ሥራ አስኪያጅ» ለአስተዳደር ኀላፊው ብቻ ይቈይ።

3ኛ/ «ኮች» የንግግር መጥሪያ እንደ መሆኑ በመዝገበ ቃላት ይግባ፤ በሕጋዊ ሰነድ ግን «አሠልጣኝ» ይጻፍ።

ቃሉን የሚያለምደው ተናጋሪው ሕዝብ ነው። የእኛ ድርሻ ግን በቃሉ መዛባት ማንም ሰው እንጀራውንና ስሙን እንዳያጣ መጠንቀቅ ነው።