ጨዋታው ከመገለጹ በፊት፦ የተማሪዎች የሮቦቲክስ ቡድን ዝግጅት ከጂንካ ሲነሳ

የተማሪዎች የሮቦቲክስ ውድድር ዘመን የሚጀምረው አዘጋጆቹ የዓመቱን ጨዋታ ይፋ በሚያደርጉበት ቀን ነው። የሜዳው ስፋት፣ ሮቦቱ የሚያነሳው ወይም የሚወረውረው ዕቃ፣ የነጥብ አያያዙና የሮቦቱ ከፍተኛ መጠን በዚያ ቀን ለሁሉም ቡድን እኩል ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ወራት የመሥራት፣ የመፈተንና የማረም ናቸው። ጨዋታው በየዓመቱ ስለሚቀየር አምና ዋንጫ ያመጣ ሮቦት ለዘንድሮ አይሆንም፤ ብሎኑ ተፈትቶ ሞተሩ ለሌላ ሥራ ይውላል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው ተማሪዎቹ የለመዱት አሠራር ነው። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ጨዋታው ከመገለጹ በፊት ያለውን ጊዜ አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። ዕቃ ከሩቅ ከሚመጣባት ከጂንካ ለሚነሳ ቡድን ደግሞ ይህ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል።

እንዲህ ያሉ ውድድሮችን በዓለም ዙሪያ ካስፋፉት መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው «ፈርስት» የተባለው ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሃምፕሻየር በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሲካሄድ የተሰለፉት 28 ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ ውድድሩ በዕድሜ ተከፋፍሏል። «ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ» በተባለው ደረጃ ሮቦቱ ጨዋታው ሲጀመር በሁሉም በኩል ከ46 ሴንቲ ሜትር ያህል መብለጥ የለበትም። ለመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ማንም ሳይነካው በተጻፈለት ኮድ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ለ2 ደቂቃ ተማሪዎች በመቆጣጠሪያ ይነዱታል። የዚህ ውድድር ጨዋታ የሚገለጸው በመስከረም መባቻ ገደማ መሆኑ ከኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን መክፈቻ ጋር ይገጥማል። ክረምቱ የልምምድ፣ መኸሩ የግንባታ ጊዜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የወጣው «ፈርስት ግሎባል» በበኩሉ ከእያንዳንዱ አገር አንድ ብሔራዊ ቡድን የሚቀበል ውድድር ነው። የመጀመሪያው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሲደረግ ከ150 በላይ አገሮች ወጣቶቻቸውን ልከዋል፤ ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። አዘጋጆቹ ለየአገሩ ቡድን ተመሳሳይ የመገጣጠሚያ ዕቃ ስለሚልኩ ሀብታሙ አገር በተሻለ ሞተር ድሃውን አይበልጠውም። ሦስት አገሮች በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላ ወገን ሆነው ስለሚጫወቱም በአንዱ ጨዋታ ባላጋራ የነበረ በሚቀጥለው አጋር ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤቱ የጎደለውን ካቻቢቴ ወይም ሽቦ ማዋስ በውድድሩ ቦታ የተለመደ ነገር ነው።

የዚያ የመጀመሪያ ዓመት ጨዋታ ስለ ውሃ ነበር። ሰማያዊ ኳሶች ንጹሕ ውሃን፣ ብርቱካናማዎቹ ብክለትን ይወክሉ ነበር። ሮቦቶቹ ሁለቱን ለይተው በየቦታቸው ማስገባት ነበረባቸው፤ በመጨረሻም ከጎርፍ እንደሚያመልጥ ሰው ወደ ላይ መንጠልጠል ነጥብ ያስገኝ ነበር። ይህን ጨዋታ በጂንካ ዙሪያ ካለው የደቡብ ኦሞ ሰው በላይ የሚረዳው አይኖርም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በሌላ ዓመት ደግሞ በዚያው ቆላ ከብቱ በድርቅ ያልቃል፤ የሐመር ሴቶች ውሃ ፍለጋ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ይቆፍራሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት የፈርስት ግሎባል ጨዋታዎችም ከዚህ ሕይወት የራቁ አልነበሩም። ከመስከረም 16 እስከ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተካሄደው ስለ ምግብ ዋስትና ነበር፤ ቀኑም ከመስቀል በዓል ጋር ተገጣጥሟል።

በአገር ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት የተጣለው ቀስ በቀስ ነው። በቢሾፍቱ የተከፈተው የፎካ ማዕከል ለተማሪዎች የሳይንስና የኤሌክትሮኒክስ የተግባር ትምህርት በመስጠት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ማዕከላት ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው የሰው መሰሏ ሮቦት የሶፊያ ሶፍትዌር ሲሠራ ተሳትፏል። «ሶልቭ አይቲ» በተባለው ውድድሩም ከየክልሉ ከተሞች ወጣቶችን አሰልፎ የአካባቢያቸውን ችግር በቴክኖሎጂ እንዲፈቱ አወዳድሯል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። ብዙው ነገር ዋና ከተማው አካባቢ መከማቸቱ ግን ከጂንካ ሲታይ ግልጽ ጉድለት ነው፤ መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በከተማው መኖሩ ይህን ርቀት የማሳጠር ዕድል ይሰጣል።

ዝግጅቱ ከሰው ይጀምራል። ቡድን ሲባል ኮድ የሚጽፉ ልጆች ስብስብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ከበር ይመልሳል። አካሉን የሚሠሩ፣ ሽቦውን የሚያገናኙ፣ ኮዱን የሚጽፉ፣ ሮቦቱን የሚነዱ፣ ማስታወሻ የሚይዙና ለዳኞች የሚያስረዱ ያስፈልጋሉ። ደቡብ ኦሞና አሪ በእጅ ሥራ የታወቀ አካባቢ ነው። የአሪ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ብረት በምን ያህል ሙቀት እንደሚታጠፍ፣ ምን ዓይነት ጭቃ እንደሚሰነጠቅ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ መኖሩ ያሳዝናል። የቀጥቃጭ ልጅ በሮቦት ቡድን ውስጥ የአካል ግንባታው ኃላፊ ቢሆን ማንም ሊደነቅ አይገባም፤ የሚሠራው የአባቱን ሥራ ነው። በከተማው ያሉ ብየዳ ቤቶችም ከዕቃ መሸጫ የማይገኝ መደገፊያ በግማሽ ቀን ቆርጠው ይሰጣሉ።

ከሰው ቀጥሎ የሚመጣው ደንቡን ማንበብ ነው። የጨዋታው መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈና ረጅም ስለሆነ፣ በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተከፋፍለው አንብበው ለሌሎቹ በአማርኛ ቢያስረዱ ይሻላል። አሪኛ፣ ሐመርኛና ዳሰነችኛ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ በሚቀመጡበት ትምህርት ቤት ይህ ማስረዳት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ደንቡ ከገባ በኋላ ነጥቡ ይሰላል። ከፍተኛውን ነጥብ የሚያስገኘው ተግባር ከባድና ሮቦቱን የሚያበላሽ ሊሆን ይችላል፤ ቀላሉን ደጋግሞ የሚሠራ ሮቦት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጀማሪ ቡድኖች የሚወድቁት ሁሉን የሚችል ሮቦት ለመሥራት ሲሞክሩ ነው።

ለልምምድ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ የተፈጠረው አርዱዊኖ የተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሁለት ሞተር፣ የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ጎማና ጥቂት ሴንሰሮች አንድ መስመር ተከታይ ሮቦት ያስገኛሉ። መሬት ላይ የተለጠፈውን ጥቁር መስመር ከሥሩ ያሉት የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ያነባሉ፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ሲውጥ ነጩ ይመልሰዋል። ሮቦቱ ወደ ግራ ከሳተ የግራው ጎማ ይፈጥናል፣ ወደ ቀኝ ከሳተ የቀኙ። ችግሩ ያለው በልኩ ላይ ነው። እርማቱ ከበዛ ሮቦቱ ይወዛወዛል፣ ካነሰ መታጠፊያው ላይ ይወጣል። ተማሪዎች ይህን ልክ እየቀያየሩ ሲፈልጉ የሚማሩት ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ከሚማሩት በላይ ይቀራል። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ሶፍትዌር አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ መስመር ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ግን መዘንጋት አይገባም፤ ባትሪዎችንና ላፕቶፖችን መብራት ባለ ጊዜ መሙላት ለአንድ ሰው የተሰጠ ኃላፊነት መሆን አለበት።

የአካባቢው አየር በሮቦቱ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ለየት ያለ ትኩረት ይሻል። ርቀት የሚለካው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ35 ዲግሪ ግን ወደ 352 ሜትር ከፍ ይላል። በጂንካ ቀዝቃዛ ጠዋት የተስተካከለ ሮቦት በቆላማው ኦሞራቴ ቀትር ላይ 2 ሜትር የራቀውን ግድግዳ 1 ሜትር ከ95 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ያስመስለዋል። ኳስ ለማንሳት የሚሞክር ክንድ በ5 ሴንቲ ሜትር ስህተት ባዶ አየር ይጨብጣል። መፍትሔው አነስተኛ የሙቀት መለኪያ ጨምሮ ኮዱ ልኩን ራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም የኢንፍራሬድ ሴንሰርን ስለሚያታልል ልምምዱ በተለያየ ሰዓት መደረግ ይኖርበታል። ቀዩ አቧራ ደግሞ የጥርስ ማርሾችን ይበላል፤ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል።

ይኸው ሴንሰር ከጨዋታው ሜዳ ውጭም ይሠራል። ከምሰሶ ላይ ወደ ታች ተደርጎ ቢሰቀል የወንዝ ከፍታ ይለካል። ተራው ዓይነት ከ4 ሜትር በላይ ስለማያይ ለኦሞ ጠንከር ያለ ይጠይቃል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። አንዳንድ ውድድሮች ከሮቦቱ ጎን ለአካባቢ ችግር የሚሆን ጥናት ስለሚጠይቁ፣ ጎርፍ ሲመጣ በስልክ መልእክት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ከጂንካ የሚነሳ ቡድን በሙሉ እምነት ሊያቀርበው የሚችል ሥራ ነው። ዳኞች የሚጠይቁት ተማሪዎቹ ችግሩን ከማን እንደሰሙና ከነማን ጋር እንደተነጋገሩ ነው። ለዚህ መልስ የሚገኘው በዳሰነች አርብቶ አደሮች ዘንድ ነው።

ሮቦቱ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ለመፈተን ይውላል። እዚህ ላይ የብዙ ቡድኖች ልፋት ይባክናል፤ ሮቦቱ ውድድሩ ሲቃረብ ያልቅና ነጂዎቹ ሳይለማመዱ ይሄዳሉ። ግንባታው ቀደም ብሎ ቆሞ የቀረው ጊዜ ለልምምድ ቢተው ውጤቱ የተለየ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ምን እንደተሰበረ፣ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ በደብተር ይመዘገባል። ዳኞች ይህን የምህንድስና ደብተር አንብበው ሽልማት ይሰጣሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡድንም የሚጀምረው ከእሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱት ተማሪዎች ሲሄዱ እውቀታቸው አብሯቸው እንዳይሄድ ያለው መከላከያ ይህ ነው።

ጉዞውም ዝግጅት ይፈልጋል። በአውሮፕላን የሚሄድ ቡድን ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎችን በእጅ ሻንጣ መያዝ አለበት፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። በመኪና የሚሄድ ደግሞ እያንዳንዱን ብሎን ከጉዞው በኋላ እንደገና ማጥበቅ ይኖርበታል። ከውጭ የሚታዘዝ መለዋወጫ በጉምሩክ ሊዘገይ ስለሚችል ከወራት በፊት ማዘዝ ግድ ነው።

በጂንካና በአካባቢዋ ያሉ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የአይሲቲ መምህራን አዲስ ጨዋታ እስኪገለጽ መጠበቅ የለባቸውም። በክረምቱ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎችን እኩል አሰልፈው አንድ መስመር ተከታይ ሮቦት ያሠሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራውን ይክፈትላቸው፤ ብየዳ ቤቶችና ቀጥቃጮችም ይጋበዙ። የመስከረሙ ደንብ ሲወጣ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀው ቡድን ያን ጊዜ ይኖራል።