ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ መርካቶ፤ በመንገድ ላይ ስለሚያድር ዕቃና ሰው

በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋና ማድቤት ባለው መኪና በሞቃት የባሕር ዳርቻ እየተዘዋወሩ ዕረፍትን ማሳለፍ የታወቀ ልማድ ነው። በእኛ አገር ግን በመኪናው ውስጥ እያደረ ወደ ሞቃቱ ጠረፍ የሚወርደው ለሥራ የተሰማራ ሰው ነው፤ ይኸውም የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው። ቤታቸው ጋቢናው፣ አልጋቸውም ከመቀመጫው በስተኋላ የተዘረጋው ጠባብ ፍራሽ ነው። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉ ሱቆች ከሚደረደረው የውጭ አገር ዕቃ ብዙው በዚህ መንገድ የመጣ ስለ ሆነ፣ መንገዱ በዕቃውና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ከተዘጋ ወዲህ አብዛኛው የገቢና የወጪ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባቡር ቢመረቅም የመኪናው መንገድ ሥራውን አልተወም። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አልፎ በጋላፊ ድንበሩን ይሻገራል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወደ ሆነው የአዲስ አበባ ደጋ ይወጣል። ለዕቃው ጉዳት ዋናው ምክንያት ይህ ልዩነት ነው።

አንደኛው ጉዳት እርጥበት ነው። በጠረፍ ያለው ሞቃት አየር ብዙ የውሃ እንፋሎት ይይዛል፤ ኮንቴይነሩ ሲታሸግ ይህ አየር አብሮ ይታሸጋል። መኪናው ወደ ደጋ ወጥቶ ሲያድር የብረቱ ጣሪያ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም በጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዝናብ ሳይነካው የመጣ ጨርቅ ሻግቶ፣ ካርቶንም ረጥቦ ቢገኝ ሾፌሩን ለመውቀስ መቸኰል አይገባም። ወደ ውጭ በሚላክ ቡናም ይኸው ይደርሳል፤ በሚገባ ያልደረቀ ቡና በቀን ሙቀት እርጥበቱን ይተፋል፣ ሌሊት ያው እርጥበት ተመልሶ ጆንያውን ያርሳል። መድኃኒቱ ደረቅ እንጨትና ደረቅ ካርቶን መጠቀም፣ እርጥበት የሚመጥጥ ከረጢት በውስጡ መስቀል፣ የላይኛውንም ድርድር በወፍራም ካርቶን መሸፈን ነው።

ሁለተኛው የአየር ግፊት ነው። በአዲስ አበባ ያለው ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በጠረፍ የታሸገ ብስኩት እሽጉ ይነፋል፤ ክዳኑ በደንብ ያልጠበቀ የዘይት ወይም የሻምፑ ዕቃም ያንጠባጥባል። የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ክዳኑ ጥብቀት አስቀድሞ ለላኪው ቢጽፍ ከኪሳራ ይድናል።

ስለ ሰውም መናገር ይገባል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ በጅቡቲና በአፋር ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የተሻለ ነው። ከዕቃው ጋር አብሮ ለመውረድ የሚያስብ ነጋዴ ይህንኑ ወራት ይምረጥ፤ ሲጓዝም በማለዳና በማታ ይሁን፤ ከበቂ በላይ ውሃ ይያዝ። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ገና ሳይሞቅ በማለዳ ነው፤ በመንገድ ሞቆ የጠጠረውን ጎማ ማስተንፈስ ኋላ ነፋሱን ያጎድልበታል። ከሁሉ በላይ ግን በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ቡና ለማፍላት ወይም ለመሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወትን ያጠፋል፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ስለዚህ ሾፌሩን «ሌሊትም ቢሆን ንዳ፣ ነገ ድረስ» ብሎ በስልክ የሚያጣድፍ ነጋዴ ትርፉን ቢያሰላ መልካም ነው። እንቅልፍ ያጣ ሾፌር አንድ ጊዜ ከመንገድ ቢወጣ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም። ጭነቱ መርካቶ ሲደርስም ኮንቴይነሩ ሾፌሩ ባለበት ይከፈት፤ ጉዳት ከተገኘ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ በመረከቢያው ወረቀት ላይም ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ሳይጻፍ የቀረ ጉዳት በኋላ ለመድን ድርጅት ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።